ቁጥር አርባ አንድ

ዶሮ ማነቂያ ልትፈርስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣
ሰው ቆርቆሮ ሲነቅል፣ ሰው ሶፋ ሲጭን፣ ሰው ከወረዳ ሲሟገት፣
እኔ መሰላል ተውሼ ግድግዳ እለምን ነበር።

በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት አይቸኩልም፤
ለብ ያለ ውሃ፣ ስፖንጅ፣ የማርማላታ ቢላዋ፣
ትንፋሽ ቢይዙለትም ካልፈለገ አይለቅም።

“የልጆች ጌም ማስታወቂያ ምን ያደርግልሻል?”
አለኝ አንዱ ጫኝ፣ ቁም ሣጥን እንደተሸከመ።
መልስ አልሰጠሁትም፤
ቢላዋው ጥርሴ መሃል ነበር።

የሠርግ ቪዲዮ ይቀመጣል፣ የቤት ካርታ ይቀመጣል፣
የዕድር ደረሰኝ እንኳ በፌስታል ተጠቅልሎ ኮርኒስ ውስጥ ያድራል፤
ከትምህርት ቤት ፎርፈን፣ የዳቦ ብር ጨብጠን የገባንበትን በር
ማን ይመዘግበዋል?

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋዬ ሥር
ጠፍጣፋ ካርቶኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው።
ቁጥር አንድ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ የመኪና እሽቅድምድም ነው፤
ሰማዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት።
ክቡን አላጸዳሁትም። ተራውን ሲጠብቅ አንድ ሰው ያስቀመጠው ነው።
ቁጥር ዘጠኝ የካሴት ሣጥን፣ “ዘጠና ዘጠኝ ጨዋታ በአንድ!” ይላል፤
ቆጥሬዋለሁ፣ ሰባት ነው፤ የቀረው ስም ቀይሮ የመጣ ነው፣
እንደ አንዳንድ የሰፈራችን ሰዎች።
ቁጥር ሃያ ሦስት የደብተር ገጽ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
“አንድ ጌም ሃምሳ ሳንቲም። የተሸነፈ ይነሣ።
ዩኒፎርም የለበሰ አናስገባም።”
ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦
“ሹራብ ከደረበ ይገባል።”

አርባ አንድ ግን ወረቀት አይደለም።
ቆርቆሮ ነው፣ አንድ ሜትር በሰባ፣ የዘይት ቀለም፤
ሙዘይን በር ላይ በአሥራ አራት ሚስማር ተመትቶ የኖረ።
ግንባሩን በቀይ ጨርቅ ያሰረ ተደባዳቢ፣
እግሩ አየር ላይ፣ ጫማው በረባሶ፣
ከኋላው እንጦጦ፣
ከላዩ “ሙዘይን ጌም ቦት”፤
ቤት ለማለት ነው።

ዘመኑን ልጠይቅ፣ ምንጩን ልጠይቅ ብዬ
ሠዓሊውን ፈለግሁት። ጋሽ ዘርጋው፣
ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ማኅተም ይቀርጻል አሁን፣
መነጽሩ በክር የታሰረ።
“ከየትኛው ፖስተር ገለበጥከው?” አልኩት።

“የምን ፖስተር? ሙዘይን ‘የሚማታ ሰው ሣልልኝ’ አለ፤
እኔ ከወንድሜ ሌላ የሚማታ ሰው አላውቅም።
ወንድይፍራው ነው እሱ።
ሁለት ቀን ጓሮ አቆምኩት፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣
በሳቅ እየወደቀ።
ፊቱ ቁጣ እምቢ አለኝ። ቅንድቡን አወፈርኩበት።”

ዝም አለ።
“በዘጠና አንድ ዘመተ። ከዚያ ወዲህማ…
ፎቶ የለንም። አንድ የነበረውን እናቴ ይዛው ተቀበረች።”

ቆርቆሮውን ከብርድ ልብሱ ፈታሁለት። ውሰደው፣ አልኩት።
“የት ልሰቅለው? የኔም በር ቀይ ቀለም ተቀብቷል።
አንቺ ጋ ይሁን፤ ቢያንስ ቁጥር አለው።”

ከዚያ ብሩሽ አነሣ።
ፊደሏን ሊያርም መስሎኝ እጁን ያዝኩት፦
ጋሼ፣ መዝገብ አይታረምም፤ ቦትም ቦት ሆኖ ይቀመጣል።
“ቦቱን ተዪው” አለኝ። “ቅንድቡን ነው።”

ደንብ አለኝ። ራሴ ያወጣሁት፣ ራሴ የጻፍኩት።
ዞር ብዬ የታክሲ ሰልፍ ቆጠርኩ፣
እስከ ሠላሳ ሰባት።

ማታ ካርዱን ሞላሁ፦
ዓይነት፣ የጌም ቤት ማስታወቂያ። ቦታ፣ ዶሮ ማነቂያ።
ሞዴል፣ ወንድይፍራው።
ሁኔታ፣ ግራ ጥጉ ዝጓል፣ ዙሪያውን ሚስማር በልቶታል፤
ቅንድቡ ላይ አዲስ ቀለም፣
አልደረቀም።